«በልቡ ያለውን ማን ሰማው?»፦ ራስል ፍሪድማንና የልጆች ኢ-ልቦለድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ማንበቢያ ትሆን ዘንድ ስለ አበበ ቢቂላ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጽፌ ነበር። በመጽሐፏ ውስጥ ተሳክቶልኛል ብዬ የተመካሁበት ገጽ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ የሚያልፍበት ነው። ሐውልቱን ቀና ብሎ ያያል፤ ከዚያም ግማሽ ገጽ ሙሉ በልቡ ይናገራል። ስለ አገሩ፣ ስለ ወረራው፣ ስለ አባቶቹ። ቃላቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ዜማቸውን ሳስተካክል ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

መጽሐፏ በወጣች ሰሞን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች እንዳነብ ተጋበዝሁ። ያንን ገጽ አንብቤ ስጨርስ ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ በልቡ ያለውን ማን ሰማው?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። «ደራሲ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል» ብዬ አለፍሁት። ልጅቷ መጽሐፏን ገልበጥ አድርጋ የጀርባውን ሽፋን አየች። እዚያ ላይ «እውነተኛ የሕይወት ታሪክ» ተብሎ ታትሟል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያች ልጅ ጥያቄ በሥራው መልስ ሲፈልግ የኖረን አንድ ደራሲ ለአንባቢ ማስተዋወቅ ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ራስል ፍሪድማን ነው። የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ለእኛ ቶሎ የሚታሰበን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የልጆች ግጥም፣ ቢበዛ አጭር ልቦለድ ነው። ስለ ወፎች አበራረር ወይም ስለ አንድ ሰው ሕይወት ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ግን «የማስተማሪያ መሣሪያ» ተብሎ ለሌላ የትምህርት ክፍል ይተዋል። ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ መሆኑን የነገርሁት አንድ ባልደረባዬ፣ «እሱማ መረጃ ነው፤ ሥነ ጽሑፍነቱ የቱ ላይ ነው?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከልጅቷ ጥያቄ ጋርም ዝምድና ያለው ይመስለኛል።

ፍሪድማን በጥቅምት 1929 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። (ከዚህ ወዲህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የአንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት የምዕራብ አሜሪካ ተጠሪ ነበር፤ እናቱም በመጻሕፍት መደብር ሠርታለች። በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1951 ተመረቀ፤ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በውትድርና አገለገለ፤ ከዚያም በትውልድ ከተማው የአሶሺዬትድ ፕሬስ ዘጋቢ ሆነ። በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ለቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ማስታወቂያ ይጽፍ ጀመር። እስከዚህ ድረስ የልጆች ደራሲ ይሆናል የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ያደረገው አንድ የጋዜጣ ወሬ ነው። በኒውዮርክ ታይምስ ላይ አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ የብሬል መጻፊያ መኪና መፍጠሩን አነበበ። ከዚያው ጋር የብሬል ጽሕፈት ራሱ ሉዊ ብራይ በሚባል ፈረንሳዊ ታዳጊ መፈልሰፉን ተረዳ። እንግዲያስ በዚህ ዕድሜ ታሪክ የሠሩ ሌሎች አይኖሩምን ብሎ ፈለገ፤ ፍለጋውም በ1961 የመጀመሪያ መጽሐፉን ወለደ። ታሪክ ስለ ሠሩ ታዳጊዎች የሚተርክ ነው። ቀጥሎ ስለ ዡል ቬርን፣ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ስለ ስካውቶች መሥራች ስለ ባደን ፓወል ጻፈ፤ በሰባዎቹ ዓመታት ደግሞ በአብዛኛው ስለ እንስሳት ጻፈ። ስለ ደመ ነፍስ፣ ስለ ወፎች አበራረር፣ እንስሳት ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚሸከሙ። እነዚህን ሥራዎች ሃያስያን ቸል ይሏቸዋል፤ እኔም ብዙ ልልባቸው አልችልም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተማሩት ይመስለኛል። ስለ እባብ የሚጽፍ ሰው እባቡ ያሰበውን አይጽፍም፤ ያደረገውን አይቶ ይጽፋል። ይህ ልማድ ወደ ሰው ሲመለስ አብሮት መጥቷል።

ወደ ሰው የመለሰው የፎቶግራፍ ትርኢት ነው። በሰባዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ የድሮ የጎዳና ልጆች ፎቶግራፎች ለእይታ ቀርበው አየ። ጋዜጣ የሚሸጡ፣ ጫማ የሚጠርጉ፣ ደረጃ ላይ የሚጫወቱ ልጆች። ከዚህ የተነሣ በ1980 ስለ ስደተኞች ልጆች፣ በ1983 ስለ ምዕራብ አሜሪካ ልጆች የሚናገሩ መጻሕፍትን አወጣ። ከእነዚህ በኋላ በፍሪድማን መጽሐፍ ውስጥ ፎቶግራፍ ለጌጥ የሚለጠፍ ነገር መሆኑ ቀረ። ምስሉ ምስክር ነው፤ ጽሑፉ ምስክሩን ይጠይቃል።

የፍሪድማን እርምጃ ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት የወረሰውን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለልጆች የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ሲጀመርም በፈጠራ የተጀመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜሰን ዊምስ የተባለ ሰባኪና መጽሐፍ አዟሪ በ1800 የጆርጅ ዋሽንግተንን ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉ በተደጋጋሚ ሲታተም በ1806 አንድ ታሪክ ተጨመረበት። ትንሹ ዋሽንግተን የአባቱን የቼሪ ዛፍ በመጥረቢያ ይመታል፤ ሲጠየቅም መዋሸት አልችልም ብሎ ያምናል። ያንን ንግግር የሰማ ሰው አልተገኘም። ልጆችን ከውሸት ለማራቅ የተነገረው ታሪክ ራሱ ፈጠራ መሆኑ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከ1932 ጀምሮ ደግሞ የታዋቂ አሜሪካውያንን ልጅነት የሚተርኩ ተከታታይ መጻሕፍት ወጡ፤ በእነዚህም ልጁ ሊንከን ከእናቱ ጋር፣ ልጁ ኤዲሰን ከጎረቤቱ ጋር ገጽ ሙሉ ያወራል። አሳታሚዎችም መምህራንም ልጅ ያለ ንግግር አያነብም ብለው ያምኑ ነበር። እኔም ይህንኑ አምኜ ነው የጻፍሁት።

ይህን ልማድ የተቃወመው ፍሪድማን ብቻ አይደለም። ጂን ፍሪትዝ በ1973 ስለ ፖል ሪቪር ባወጣችው መጽሐፍና በተከታዮቹ ሥራዎቿ ያልተመዘገበ ንግግር በማንም አፍ ውስጥ ሳታስገባ ልጆችን ማሳቅ እንደሚቻል አሳይታለች። የፍሪድማን ድርሻ ይህንኑ ሥርዓት ቀልድ ወደማይበዛበት፣ ከባድና ረጅም ወደ ሆነ የሕይወት ታሪክ ማምጣቱ ነው።

ለዚህ ዋናው ማሳያ በ1987 የወጣው የአብርሃም ሊንከን ታሪክ ነው። በቀጣዩ ዓመት የኒውበሪ ሜዳልያን ተሸልሟል። ሜዳልያው በ1922 ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ ሄንድሪክ ቫን ሉን ስለ ሰው ልጅ ታሪክ የጻፈው ኢ-ልቦለድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሽልማቱ በአብዛኛው የልቦለድ ርስት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የ1988ቱ ውሳኔ ለአንድ ሰው የተሰጠ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ለዘርፉም በር ከፍቷል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በሊንከን ትውልድ አይደለም፤ በመልኩ ነው። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ93 የሚደርስ፣ በዚያ ላይ ረጅም ባርኔጣ የሚደፋ፣ ከሰው መካከል ሊሰወር የማይችል ሰው ይቀርብልናል። ከዚያም ደራሲው አንድ ችግር ያነሣል። የሚያውቁት ሰዎች ሊንከን ሲያወራና ሲስቅ ፊቱ ይለወጥ ነበር ይላሉ፤ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ግን ደረቅና የተከዙ ናቸው። ለምን? በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ለብዙ ሰኮንዶች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበትና ነው። እንግዲህ ፎቶግራፉ ምስክር ቢሆንም ሁሉን የተናገረ ምስክር አይደለም። ደራሲው ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ የገዛ መጽሐፉ የቆመበትን ማስረጃ እንዲጠራጠር ልጁን ያስተምረዋል። ባልደረባዬ ሥነ ጽሑፍነቱን ከፈለገ ከዚህ ይጀምር እላለሁ። ስለ ትረካው ታማኝነት ጥያቄ የሚያነሣ ትረካ በልቦለድ ውስጥ ሲገኝ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎለታል!

ወረድ ብሎ በፕሬዚዳንትነቱ ዓመታት የተነሣቸው ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። በ1861 የነበረው ፊትና በ1865 የነበረው ፊት የአንድ ሰው አይመስሉም፤ በመካከላቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ አለ። ሌላ ደራሲ «ኀዘን ልቡን ሰበረው» ብሎ የሚጽፈውን ፍሪድማን አይጽፈውም፤ ልጁ ከፎቶ ወደ ፎቶ ዓይኑን እያሻገረ ራሱ ይደርስበታል።

ሊንከን ስለ ባርነት የነበረውን ማመንታትም አይሸፍንም። መጀመሪያ ላይ ባርነት ባለባቸው ግዛቶች ጣልቃ አልገባም ማለቱን፣ ከሁሉ በፊት የአገሪቱን አንድነት ማስቀደሙን ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ጥር 1 ቀን 1863 የነጻነቱን ዐዋጅ ሲፈርም የሆነው ይመጣል። በዚያ ቀን ለአዲስ ዓመት የመጡ እንግዶችን ለሰዓታት ሲጨብጥ በመዋሉ እጁ ዝሏል፤ እጄ ቢንቀጠቀጥ ሰዎች አመነታ ይሉኛል የሚል ነገር ተናግሮ ነው ብዕሩን ያነሣው። ይህንን ማን ሰማው ቢባል መልስ አለ፤ በክፍሉ ውስጥ ሰዎች ነበሩ፣ የሆነውንም አስተላልፈዋል። ለጥብቅና ሸሪኩ ለዊልያም ሄርንደንም ብዙ ባለ ዕዳዎች ነን፤ ሊንከን ከተገደለ በኋላ የሚያውቁትን ሰዎች እየፈለገ ቃላቸውን ባይሰበስብ ኖሮ ከወጣትነቱ ብዙው ይጠፋ ነበር።

በመጨረሻው ምዕራፍ ሊንከን በተተኮሰበት ሌሊት በኪሱ የተገኙት ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። ሁለት መነጽሮች፣ ሰንጢ፣ መሐረብ፣ የአምስት ዶላር የደቡቦች የወረቀት ገንዘብ የያዘ የቆዳ ቦርሳ፣ ስለ እርሱ መልካም የጻፉ የጋዜጣ ቁርጥራጮች። ማብራሪያ የለውም። ያ ሁሉ ስድብ የወረደበት ሰው ጥቂት የምስጋና ቃላትን ቆርጦ በኪሱ ይዞ ይዞር እንደ ነበር ስናነብ፣ እኔ በአበበ ልብ ውስጥ የጻፍሁት ግማሽ ገጽ ምን ያህል ከንቱ ወሬ እንደ ነበረ ገባኝ።

ከሊንከን በኋላ ያሉትን ሥራዎች ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1990፣ የራይት ወንድማማቾች በ1991፣ ኤሊኖር ሩዝቬልት በ1993 ወጡ። የራይቶቹ መጽሐፍ በተለይ የሚነሣው ምስሎቹ የራሳቸው የወንድማማቾቹ በመሆናቸው ነው፤ ሁለቱም ፎቶ ማንሣት ያውቁ ነበር፤ ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 የተደረገው የ12 ሰኮንድ በረራም የተመዘገበው ኦርቪል አስተካክሎ በተከለው ካሜራ ነው።

በ1994 የወጣው ስለ ሉዊስ ሃይን የሚናገረው መጽሐፍ ግን ቆም ሊባልለት ይገባል። ሃይን መምህር ነበር፤ ከ1908 ጀምሮ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለሚቃወም ብሔራዊ ኮሚቴ ፎቶ እያነሣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና በከሰል ማዕድን ማውጫዎች ዞረ። ባለ ፋብሪካዎቹ እንዳያባርሩት መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ ወይም የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ነኝ እያለ ይገባ ነበር። የልጆቹን ቁመት በኮቱ አዝራሮች ይለካል፤ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋል። እውነተኛ መረጃ ለማግኘት ስለ ማንነቱ የሚዋሽ ሰው! ፍሪድማን ይህን ተቃርኖ አይደብቅም፤ አይሰብክበትምም። መጽሐፉን የሚያነብ ልጅ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን የራሱን እኩያ ያያል፤ ቀጥሎም ፎቶውን ያነሣው ሰው ምን እንደ ከፈለ ያያል።

ታዲያ ፎቶግራፍ የሌለው ሰውስ? በ1996 ፍሪድማን ስለ ላኮታው የጦር መሪ ስለ ክሬዚ ሆርስ ጻፈ። የእርሱ መሆኑ የተረጋገጠ አንድም ፎቶግራፍ የለም። ፍሪድማን የሌላ ሰው ምስል አምጥቶ አልለጠፈም፤ ሠዓሊ ቀጥሮ ፊት አላስፈጠረም። በምትኩ የተጠቀመው የዚያው ሕዝብ ልጅ የሆነው አሞስ ባድ ሃርት ቡል በንግድ መዝገብ ገጾች ላይ የሣላቸውን የጦርነትና የኑሮ ሥዕሎች ነው። ዋናው መዝገብ በ1947 ከሠዓሊው እኅት ጋር ተቀብሯል፤ የቀረው ቀደም ሲል የተነሣው የፎቶ ቅጂ ነው። ባለ ታሪኩ ፊት የለውም፤ ሥዕሉ መቃብር ውስጥ ነው፤ በእጃችን ያለው የቅጂ ቅጂ ነው። ደራሲው ይህንን ርቀት ሳያጠብ ታሪኩን ነግሮናል። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው፤ ሽልማት ግን ያገነነው ሊንከንን ነው።

ነቀፌታም አለኝ። የሊንከኑ መጽሐፍ በመጨረሻው ገጾች የሊንከንን ንግግሮች፣ ሊጎበኙ የሚገባቸውን ስፍራዎችና የመጻሕፍት ጥቆማ ይሰጣል እንጂ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ምንጩን አያሳይም፤ ልጅቷ እዚህም «ማን ሰማው?» ብትል ገጹን ገልጣ መልሱን አታገኝም። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ይህ ተሻሽሏል፤ ስለ ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን በ2004 ያወጣውና በ2005 ለመረጃ መጻሕፍት የሚሰጠውን የሲበርት ሜዳልያ ያገኘው መጽሐፍ በየምዕራፉ ምንጮቹን ይዘረዝራል። ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ ምርጫው ነው። ብዙዎቹ ባለ ታሪኮች አገራቸው አስቀድማ ሐውልት ያቆመችላቸው ሰዎች ናቸው። ሃይን ፎቶ ካነሣቸው ልጆች መካከል የአንዷን ሕይወት ሙሉ ታሪክ ቢጽፍልን ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቋንቋ ዞር ልበል፤ የፍሪድማንን ሥርዓት እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለምና። በአማርኛ ሐሳብና ፍላጎት ብዙ ጊዜ በቀጥተኛ ንግግር መልክ ይነገራሉ። «ውኃ ልጠጣ ብሎ ወረደ» ስንል ሰውየው አፉን ከፍቶ ተናገረ ማለታችን አይደለም፤ ለመጠጣት ወረደ ማለታችን ነው። «ይቅርብኝ ብላ ተወችው»፣ «ልሙት ብሎ ተሟገተ» ዓይነቶቹም እንደዚሁ ናቸው። ሰዋስዋችን ራሱ ሳንፈልግ በሰው ልብ ውስጥ ያስገባናል። ስለዚህ «አበበ ልቅደም ብሎ ፈጠነ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንደ ፈጠራ አይቆጥረውም፤ «አገሬ ሆይ፣ ደምሽን ልመልስ» ብሎ ፈጠነ ካልሁ ግን ፈጥሬያለሁ። ድንበሩ የት ላይ ነው? «ብሎ» በሁለቱም አለ። ልዩነቱ በቃላቱ ክብደት ላይ ይመስለኛል፤ ግሡ ብቻ የያዘውን ሐሳብ ከመናገር አልፈን ለሰውየው የራሱ የሆነ የንግግር ስልት ስንሰጠው ተሻግረናል።

በሌላ በኩል አማርኛ ምንጭን የሚያመለክቱ ቀላልና ጥሩ መሣሪያዎች አሉት። «አሉ»፣ «ይባላል»፣ «እንደሚሉት»፣ «ሳይሆን አይቀርም»። «ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፈጠነ አሉ» ስል የሰማሁትን እንጂ ያየሁትን እንዳልተናገርሁ ልጅ ሳይቀር ያውቃል፤ አያቱ ስታወጋው ሰምቶታልና። እነዚህን ቃላት ከመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ያባረርናቸው የአፍ ወሬ ያስመስላሉ ብለን ነው። እኔ ግን የግርጌ ማስታወሻ ለማያነብ ልጅ ከእነርሱ የተሻለ የግርጌ ማስታወሻ አላውቅም። ተማሪዎቻችን በዚህ ላይ ቢያጠኑ ሰፊ መስክ ያገኛሉ።

ፍሪድማን በ1998 ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦው የሎራ ኢንግልስ ዋይልደር ሜዳልያን፣ በ2007 ብሔራዊውን የሥነ ሰብእ ሜዳልያ ተቀብሎ መጋቢት 2018 በኒውዮርክ ዐረፈ፤ ከ40 በላይ መጻሕፍትን ትቷል። በ1997 ደግሞ ሥራ ወዳስጀመረው ልጅ ተመልሶ ነበር። በ1961 በአንድ ምዕራፍ ያለፈውን ሉዊ ብራይን ከሠላሳ ስድስት ዓመታት በኋላ ሙሉ መጽሐፍ አደረገው።

እኔም ወደዚያች ገጽ ተመልሻለሁ። ግማሽ ገጹ ወርዶ ጥቂት መስመሮች ሆኗል። ሐውልቱ በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ ወደ ሮም መወሰዱን፣ የሩጫው መንገድ በአጠገቡ ማለፉን፣ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ማብራታቸውን፣ አበበ ከሞሮኮው ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ ወደ መጨረሻው ጥሎት መሄዱን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር መድረሱን፣ ሐውልቱም በ2005 ወደ አገሩ መመለሱን ይናገራል። በልቡ ያለው ሁሉ ወጥቷል።

አዲሱን ገጽ በእጅ ጽሑፉ እንዳለ ይዤ ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ልጅቷ ክፍል አልፋ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታለች። አንብቤ ስጨርስ አንድ ልጅ ተነሣና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሐውልቱን አየው?» አለኝ። «በአጠገቡ ማለፉን ጽፌያለሁ» አልሁት፤ «ቀና ብሎ ማየቱን አልጻፍሁም።» ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «እኔ ብሆን አየው ነበር» ብሎ ተቀመጠ።